የወደቀ ማርክና የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ
(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ስብሰባ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ብዙ ጊዜ በጓዳ እንጂ በአደባባይ የማይነሣ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ከምንማረው ኢትዮጵያውያን መካከል ሐኪም ለመሆን አስበው የገቡ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ማርካቸው የወደቀባቸው ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ጓደኞቻችን ግን ተለይተው አይታወቁም። ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣሉ፤ በስብሰባችን ይገኛሉ፤ ስለ ትምህርታቸው ሲጠየቁም «ደኅና ነው» ብለው ያልፋሉ። ወደ ቤት ሲሄዱ አባት ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ፣ እናትም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ቆማ ውላ፣ «ዶክተራችን መጣ» ብለው ይቀበሏቸዋል። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ «ኬሚስትሪ ወደቅሁ» ብሎ መናገር እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን።

ነገር ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ሐኪም ልሁን የሚል ሰው ይህን ተረት ከማንም አስቀድሞ በራሱ ላይ ሊሠራበት ይገባል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ለማስፈራራትም አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው። የወደቀ ማርክ አይፋቅም፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ረጅምና የማያወላውል ሌላ ታሪክ ሊጻፍበት ይቻላል። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ግን ጊዜና እውነተኛነት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም አስቀድሞ ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። (በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ከሒሳቡ እንጀምር። በዚህ አገር ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ባችለር ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ውድድሩም ጽኑ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ባወጣው ቍጥር መሠረት በ2023 ትምህርት ለመጀመር ያመለከቱት ከ52,000 በላይ ሲሆኑ የገቡት 23,000 ያህል ብቻ ናቸው። የገቡትም አማካይ የኮሌጅ ነጥብ 3.77 ገደማ ነበር።

ማመልከቻው በብዛት የሚላከው አምካስ በሚባለው አገልግሎት በኩል ነው። አምካስ ኮሌጃችሁ የጻፈውን አማካይ ነጥብ እንዳለ አይቀበልም፤ ራሱ እንደገና ያሰላዋል። አንድ ኮርስ ወድቃችሁ ደግማችሁ ብትወስዱ ኮሌጃችሁ የመጀመሪያውን ማርክ ትቶ ሁለተኛውን ብቻ ይቆጥርላችሁ ይሆናል፤ አምካስ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ከዚህም በላይ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ማርኮችን ለብቻቸው አውጥቶ ሁለተኛ አማካይ ነጥብ ይሠራባቸዋል። ለኦስትዮፓቲክ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያገለግለው ማመልከቻ ቀድሞ የተደገመውን ኮርስ በኋለኛው ማርክ ይተካ ነበር፤ ይህ ልማድ ግን በ2017 ቀርቷል። ስለሆነም «ድገመውና የመጀመሪያው ይጠፋልሃል» የሚል ምክር ከታላላቆቹ የሰማ ተማሪ ምክሩ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ይወቅ። የተለየ ሕግ ያላት የቴክሳስ ግዛት ናት። በዚያ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው የትምህርት መዝገቡ በግዛቲቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይታይበት ለመምረጥ ይችላል። ይህን የመረጠ ሰው ግን የወደቀውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ጭምር ያጣል፤ መልካሙን መርጦ ማስቀረት አይፈቀድለትም።

አሁን እርሳስና ወረቀት አውጥታችሁ ከእኛ ጋር አስሉ። አንድ ተማሪ 90 ክሬዲት ጨርሶ አማካይ ነጥቡ 2.60 ነው እንበል። 90 በ2.60 ሲባዛ 234 ነጥብ ይሆናል። ይህ ተማሪ ተነሥቶ 30 ክሬዲት ያህል ሁሉንም በኤ ቢያልፍ 120 ነጥብ ይጨመርለታል፤ 354 ለ120 ሲካፈል 2.95 ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቢ እንኳ ሳያገኝ ተምሮ ገና 3 አልደረሰም ማለት ነው። ሌላ 30 ክሬዲት እንደዚሁ በኤ ቢጨምር 474 ለ150 ተካፍሎ 3.16 ይሆናል። በሌላ በኩል 30 ክሬዲት ብቻ ወስዶ 2.60 ያለው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከዚያ ወዲያ ያለውን 90 ክሬዲት በ3.80 ቢፈጽም መጨረሻው 3.50 ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ቶሎ የነቃ ሰው በጥቂት ድካም ብዙ ያተርፋል፤ የዘገየ ግን በብዙ ድካም ጥቂት ያገኛል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ሁለተኛው ደግሞ፣ የዘገየው ተማሪ አማካይ ነጥቡን ብቻ እያየ ተስፋ መቍረጥ የለበትም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከዚህ በታች አናይም ብለው የሚቈርጡት ዝቅተኛ ነጥብ አለ፤ ይህ እውነት ነው። ያንን ደፍ ካለፉ በኋላ ግን መዝገቡን የሚያነብ ሰው ቍጥሩን ብቻ አያይም፤ አካሄዱንም ይመረምራል። መጀመሪያ ወድቆ ኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በከባድ የሳይንስ ኮርሶች ሳያቋርጥ ኤ ያገኘ ተማሪና መጀመሪያ በርትቶ ኋላ የላላ ተማሪ አማካይ ነጥባቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ የሚፈርድ አንባቢ የለም።

ይሁን እንጂ አዲስ ኮርስ ለመመዝገብ ከመሮጥ በፊት «ለምን ወደቅሁ?» ብሎ መጠየቅ ያሻል። መንሥኤውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደማይኖር ሁሉ፣ የወደቀበትን ምክንያት ሳያገኝ ያንኑ ኮርስ የሚደግም ተማሪም ያንኑ ውጤት ይደግማል። ከመካከላችን የሚታዩት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። አንዱ የሥራ ብዛት ነው። 15 ክሬዲት የወሰደ ተማሪ በክፍል 15 ሰዓት ይቀመጣል፤ ለያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቢያጠና በሳምንት 45 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ላይ በመኪና ማቆሚያ ወይም በሆቴል 40 ሰዓት ቢሠራ 85 ሰዓት ነው፤ ይኸውም የሁለት ሰው ሙሉ ሥራ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ የወደቀው አእምሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሳምንቱ ስላልበቃው ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ምክር «በርታ» ሳይሆን «ክሬዲቱን ወይም ሥራውን ቀንስ» ነው።

ሌላው ምክንያት የመሠረት ጉድለት ነው። አልጀብራው ያልጠናለት ተማሪ በኬሚስትሪና በፊዚክስ መሰናከሉ አይቀርም። መጽሐፉን አሥር ጊዜ ቢያነብም ችግሩ ያለው ኋላ በቀረው ሒሳብ ስለሆነ ወደዚያ መመለስ ይገባዋል፤ መመለስም ውርደት አይደለም። ሦስተኛው የአጠናን ነገር ነው። ማስታወሻን እያሰመሩ ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ፈተና ላይ ግን ይከዳል። ደብተርን ዘግቶ ያነበቡትን በቃል መልሶ መጻፍ፣ ጥያቄዎችን መልሱን ሳያዩ መሥራት፣ የተሳሳቱትንም ለይቶ ከሳምንት በኋላ እንደገና መሥራት ይሻላል። አራተኛው ሕመም፣ ሐዘንና የቤተ ሰብ ችግር ነው። ይህ የደረሰበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪምና አማካሪ ዘንድ ይሂድ እንጂ በዚያው ሁኔታ አዲስ ኮርስ አይጀምር። አምስተኛውን ምክንያት በድፍረት እንናገረው፤ አንዳንዱ ተማሪ ሕክምናን የመረጠው ራሱ ሳይሆን ቤተ ሰቡ ነው። እርሱ ከማንም ምክር በፊት ከራሱ ጋር ይነጋገር።

ምክንያቱ ከታወቀና ከተወገደ በኋላ የሚቀጥለው መንገድ እነሆ።

በመጀመሪያ አዲስ ጉዳት እንዳይጨመር መጠንቀቅ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች ኮርሱ ሲከብዳቸው ለማንም ሳይናገሩ ከክፍል ይቀራሉ። በደንቡ መሠረት ካልለቀቁ ግን መዝገባቸው ላይ የሚወርደው ኤፍ ነው። የመልቀቂያው ቀን ሳያልፍ ሬጅስትራር ዘንድ ሄዶ ኮርሱን የለቀቀ ተማሪ ደብልዩ ብቻ ይጻፍበታል፤ ደብልዩ ይታያል እንጂ በአማካይ ነጥብ ውስጥ አይቆጠርም። ቀኑ ካለፈም በኋላ በሕመም ወይም በከባድ የቤተ ሰብ ችግር ምክንያት የወደቀ ተማሪ፣ ማስረጃ አቅርቦ ያለፈውን ሴሚስተር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲለቀቅለት የሚያመለክትበት ሥርዓት በብዙ ኮሌጆች አለ። ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ በጥቂት መጀመር ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ያጠፋሁትን ጊዜ ልካስ ብሎ 18 ክሬዲት የሚጭን ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ ይወድቃል፤ ሁለተኛውን ውድቀት ደግሞ ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። አንድ ወይም ሁለት የሳይንስ ኮርስ ወስዶ ኤ ማግኘት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሙሉ ሸክም ተሸክሞ መቆም እንደሚቻል ማሳየት ይገባል። ዲ ወይም ኤፍ የተገኘባቸው መሠረታዊ ኮርሶች፣ ማለት ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ መደገም አለባቸው። በቢ የታለፈውን መድገም ግን ጊዜን ማባከን ነው፤ ይልቅስ እንደ ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ ያሉ ከፍ ያሉ ኮርሶችን ወስዶ በኤ ማለፍ የበለጠ ይመሰክራል። በማኅበረሰብ ኮሌጅ መማር ዋጋው ስለሚቀንስ መነሻ ይሆናል፤ ከፍ ያሉትን ኮርሶች ግን በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መውሰድ ይሻላል።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ፔል የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ባችለር ዲግሪ ከተያዘ በኋላ አይሰጥም። ስለዚህ እርዳታው ያልተቋረጠበት ተማሪ ማርኩ ወድቆ ሳለ ለመመረቅ ከመቸኰል አንድ ዓመት ጨምሮ መዝገቡን ማደስ ይሻለው እንደሆነ ከእርዳታ ክፍሉ ጋር ይመካከር። ደግሞም የመንግሥት እርዳታ የተወሰነ ማርክ መጠበቅንና ከተመዘገቡበት ኮርስ አብዛኛውን መጨረስን ይጠይቃል፤ ዝም ብሎ መውደቅ እርዳታውንም ያስቀራል።

ከተመረቁ በኋላ የሚወሰዱ የባችለር ደረጃ ኮርሶች በአምካስ ዘንድ ከባችለሩ ነጥብ ጋር ይቆጠራሉ። የማስተርስ ኮርሶች ግን ለብቻቸው ይሰላሉ እንጂ የቀድሞውን ነጥብ ከፍ አያደርጉም። በዋሺንግተን እንዳለው እንደ ጆርጅታውን ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩትን የመሰለ ትምህርት የሚያስተምር ልዩ የማስተርስ ፕሮግራም አለ። በዚያ የበረታ ሰው የሕክምናን ትምህርት መሸከም እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን ክፍያው ብዙ ነው፤ በዚያ የወደቀም ሌላ ማስረጃ ለማቅረብ እጅግ ይቸግረዋል። ስለሆነም የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይገባውም።

አራተኛው ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ በሚሠራበት አሰጣጥ ፈተናው አራት ክፍል ሲኖረው ያንዳንዱ ክፍል ነጥብ ከ118 እስከ 132 ነው፤ ድምሩም ከ472 እስከ 528 ይደርሳል፤ መካከለኛው 500 ያህል ነው። በ2023 የገቡት ተማሪዎች አማካይ ውጤት 512 ገደማ ነበር። ማርኩ የወደቀ ተማሪ በዚህ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ቢያገኝ ችሎታው እንዳለ ይመሰከርለታል። ይሁን እንጂ ፈተናው ዕድል መሞከሪያ አይደለም። በሕይወት ዘመን ከ7 ጊዜ በላይ መቀመጥ አይፈቀድም፤ ያገኛችሁትም ውጤት ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። ከአራቱ ክፍሎች አንዱ የንባብ ነው፤ በውስጡም ሳይንስ የለበትም። ለኛ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ አፍ ለፈታን ይህ ክፍል ይከብዳልና፣ ለዓመት ያህል በየዕለቱ ከባድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ እንጂ በመጨረሻው ወር መሯሯጥ አይጠቅምም። ገንዘብ ላነሰው የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የክፍያ ቅናሽ ስላለው ከመመዝገብ በፊት ያመልክት።

አምስተኛውና ትልቁ ነገር እውነተኛነት ነው። «ሌላ ኮሌጅ ገብቼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ የድሮውን ማንም አያይም» የሚል አሳብ ከመካከላችን ይሰማል። ይህ አደገኛ አሳብ ነው። አመልካች የተማረባቸውን ኮሌጆች ሁሉ፣ አንድ ኮርስ ብቻ የወሰደበትንም ቢሆን፣ መዘርዘር አለበት። የደበቀ ሰው ቢገኝ የሚመረመረው ስለ ማርኩ ሳይሆን ስለ ጠባዩ ነው። ዝቅተኛ ማርክ ይቅርታ ያገኛል፤ ለሕመምተኛ ሕይወት ኀላፊ ሊሆን የሚመጣ ሰው ሲዋሽ ቢገኝ ግን ማን ያምነዋል? በማመልከቻው ላይ ያለፈውን በአጭሩ መግለጽ ይበቃል። የሆነውን፣ የተለወጠውንና ለውጡን የሚያሳየውን ማስረጃ መጻፍ እንጂ መምህሩን መውቀስ ወይም ማልቀስ አያስፈልግም።

ከአገር ቤት ተምረው ለመጡት ደግሞ አንድ ማስታወሻ አለን። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ማርክ፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ኮሌጅ ክሬዲት አድርጎ ካልተቀበለው በቀር፣ በአምካስ አማካይ ነጥብ ውስጥ አይገባም። እዚያ የወደቀ ሰው እዚህ በአዲስ ቍጥር ይጀምራል፤ እዚያ ያበራም እዚህ እንደገና ማሳየት አለበት ማለት ነው። እንዲሁም አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቪዛ ያለን አመልካች ስለማይቀበሉ፣ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ አገር በር ሲጠብብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ትምህርት ቤቶች የሚያስቡ አሉ። አትሂዱ አንልም፤ ከዚያ ተምረው መልካም ሐኪሞች የሆኑ አሉና። ነገር ግን በ2024 በተደረገው የሬዚደንሲ ምደባ፣ በአሜሪካ ተምረው በዚያው ዓመት ከሚመረቁት የኤም ዲ ተማሪዎች 93 ከመቶ ያህሉ ቦታ ሲያገኙ፣ በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ከተማሩት የአሜሪካ ዜጎች ግን 67 ከመቶ ያህሉ ናቸው ያገኙት። ከዚህም በፊት ትምህርቱን ሳይጨርስ የሚቀር አለ። ስለዚህ «ስንት ገብቶ ስንት ተመረቀ? ስንቱስ ሬዚደንሲ አገኘ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ብድር አትፈርሙ።

ሁሉ ተደርጎም በሩ የማይከፈትለት ይኖራል። ይህን አለመናገር ጓደኝነት አይሆንም። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም የሕዝብ ጤና ሠራተኛ መሆን ከሐኪምነት የወደቀ ሰው መጠለያ ሳይሆን ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 ከሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በዚያው ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት በማዕርጋቸው ለመኵራት አልነበረም፤ የቈሰለውን ለማከም ነበር። የሕሙማን አገልጋይ ለመሆን የሚወድ ሰው መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ማዕርጉን ብቻ የሚወድ ግን ማርኩ ሁሉ ኤ ቢሆንም ገና ያልተፈታ ጥያቄ አለበት።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ያለፉ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ምሽት ለታናናሾቻቸው የሚያስረዱበት ክፍል ይኑር። ሁለተኛ፣ በያንዳንዱ ሴሚስተር የመልቀቂያው ቀን ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ይህ ጋዜጣችን በፊተኛው ገጽ ያስታውቅ። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ማርኩ የወደቀ ተማሪ በምሥጢር ሊያነጋግራቸው የሚችልበትን ሰዓት እንዲሰጡን በትሕትና እንለምናለን። ወላጆቻችንንም በዓመት አንድ ጊዜ ጠርተን ይህ መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ብናስረዳቸው፣ በየቤቱ በዝምታ የሚጨነቀው ልጅ እፎይ ይላል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በበዓል ቀን ብቻ አንጥቀሰው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ትራንስክሪፕቱን አጥፎ በኪሱ የያዘ ሰው ካለ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ስብሰባው ሲፈታ ከአንዳችን ጋር ይቀመጥና እርሳሱን ያውጣ። ሒሳቡን አብረን እንሠራለን።